ያነበበ ይጠየቃል

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ በላይነህ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ባሕር ሁሉ ይድረስዎት። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? መርከቡስ፣ ማዕበሉስ፣ ያ ጨው የማያውቀው የመርከባችሁ ወጥ ቤትስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ስኳሯ ከፍ ዝቅ ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ሰላምታውን ይህን ያህል ያስረዘምኩት ወድጄ አይደለም። "የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ አብረሽው የምትቀልጂ ጓደኛሽ አይደለም፣ በደንብ ሰላም በይው" ብላ ከጎኔ ቆማ ነው። አሁን ምስር ልታማስል ስለገባች ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው ኢሜይልዎ "ሚኒ ሚዲያ የምትይው ምንድን ነው? በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ደወልና አለንጋ ብቻ ነበረው" ብለውኛል። ሚኒ ሚዲያ ማለት የትምህርት ቤታችን ራዲዮ ነው፤ የምንመራው እኛው ተማሪዎቹ ነን። አንቴና የለውም። ድምፁ ከግቢው አጥር ብዙም አያልፍም፤ ከአጥር ውጭ ያሉን አድማጮች በር ላይ ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ስቱዲዮአችን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ያለች የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበረች። ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጠናታል። የቴክኒክ ሠራተኛችን ኩማ ረጅም ስለሆነ ቀና ባለ ቁጥር ጣሪያውን በግንባሩ ይመታል፤ እኛም ለምደነዋል፣ እሱም ለምዶታል። አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ ሆርን የምንላቸው ድምፅ ማጉያዎች አሉን። ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ደግሞ ትልቁን ስፒከር፣ ሞንታርቦውን፣ ጎትተን እናወጣለን።

አስተባባሪያችን መምህርት ሙሉጌጥ ናቸው። ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። ብቅ ይሉና "ጥሩ ሥሩ፣ አታሰድቡኝ" ብለው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሥራው በሙሉ የእኛ ነው። ጠዋት ሙዚቃ እንከፍታለን። መዝሙር ግን የማንንም አንከፍትም፤ አንድ ጊዜ ብንከፍት ሁሉም የየራሱን ተራ ጠይቆ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። በእረፍት ሰዓት ዋናው ፕሮግራም ይገባል። ዜና አለ፣ የጠፋና የተገኘ አለ፣ የልደት መልካም ምኞት አለ፣ ያቤጽ በሲዳምኛ የሚያቀርበው ዝግጅት አለ። መብራት ሲጠፋ፣ ያው ሀገርዎን ያውቁታል፣ ጽሑፎቹን ተከፋፍለን በየክፍሉ እየዞርን በአፋችን እናነባለን። ልጆቹ "ገመድ አልባው መጣ" እያሉ ይስቁብናል።

መጨረሻ ላይ የምትመጣው የእኔ ናት፤ "የቅሬታ ደቂቃ" ትባላለች። ተማሪው የከፋውን ነገር ጽፎ ለአንዳችን በእጁ ይሰጣል። ሄደን እውነት መሆኑን በዓይናችን እናያለን። ከዚያ ሌላ ሰው ያነበዋል እንጂ ማንም የራሱን ጽሑፍ አያነብም። በማይክ ከተነበበ በኋላ ደግሞ ጸሐፊ የሚባል የለም፤ ያነበበው ነው ባለቤቱ። በሩ ላይ "ያነበበ ይጠየቃል" ብለን በትልቁ ጽፈናል። ደንቡን ማን አወጣው ካሉኝ ጉራ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ግን እኔ ነኝ።

አሁን ልመናዬ። ማይካችን ካልሲ አልብሰነውም ይንኮሻኮሻል። ሆርኑም ከዝናብ በኋላ ድምፁ ይታፈናል። እርስዎ የመርከብ ኤሌክትሪክ የሚጠግኑ ሰው ነዎትና መላውን ይጻፉልን።

አክባሪዎ ልጅዎ
ሜሮን

*

ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ወደ ኮሎምቦ ስንቃረብ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሜሮን፣

የሰማይና የባሕር ጌታ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ፤ ዕውቀትን ከጤና ጋር ይስጥሽ። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከመሰላሉ ጋር ተጣልቷል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ማይኩን አትክሰሺው፤ ጥፋቱ ከገመዱ ጫፍ ነው። ሶኬቱን ፍቱት፣ የላላውን ሽቦ ቆርጣችሁ እንደገና በብየዳ እርሳስ አጣብቁት፣ ገመዱንም ስትጠቀልሉ በክርን ላይ አታዙሩት። የሆርኑ አፍ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከሆነ ውኃ ይይዛል፤ ትንሽ ወደ መሬት ይዘንበል። ኩማ የሚባለው ልጅ ጣሪያ ላይ ሲወጣ መብራቱ መጥፋቱን ራሱ ያረጋግጥ፤ "ጠፍቷል" ብለው የነገሩትን እንዳያምን። እኔ ካመንኩ ጀምሮ የግራ እጄ አንድ ጣት አይታጠፍም።

የቅሬታ ደቂቃ ያልሺውን ደግሜ አነበብኩት። አልወደድኩትም። መርከብ ላይ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው። በባሕር ኃይል ዘመኔም፣ በንግድ መርከብም፣ እስከ ዛሬ የኖርኩት በዚህ ነው፤ ኖሬበትም ደህና ደርሻለሁ። አንቺ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነሽ። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ልደትና የጠፋ ደብተር አንብቢ። ቅሬታውን ለሚቀጥሉት ተዪላቸው።

እናትሽ ከበቡሽ ስኳሯን ትለካለች ወይ? "ደህና ናት" የሚለው አይበቃኝም።

አሳዳጊሽ
በላይነህ

*

ሀዋሳ፣ ምሥራቅ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ በላይነህ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ወደብ ቀድሞኝ ይግባ። እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። እማዬ ትለካለች፤ ቁጥሩን ግን ለእኔም አትነግረኝም።

ገመዱ እንዳሉት ነበር። ኩማ ቆርጦ ካጣበቀው ወዲህ ማይኩ ጥርት ብሏል። እንዲያውም የመጣው መዘዝ ሁሉ ከጥራቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ድሮ ቢሆን ግማሹ አይሰማም ነበር። ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ማክሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት ይህን አነበብኩ፤ ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ።

"ባለፈው ዓመት ለሴት ተማሪዎች አዲስ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ ሪባን ተቆርጦለታል። ሪባኑ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ተቆልፏል። አሮጌው በርም ውኃም የለውም። የወር አበባችን ሲመጣ ብዙዎቻችን ቤት እንቀራለን። ትምህርቱ ግን አይጠብቀንም። ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ ስም አልተጠራበትም። ከማንበቤ በፊት ከሐዳሳ ጋር ሄደን በሩ የተዘጋበትን ጓጉንቸር አይተነዋል፤ ዝጎ ነበር። ሐዳሳ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ዜና የምታቀናብርልን እሷ ናት።

አንብቤ ስጨርስ ኳስ የሚጫወቱት ወንዶች እንኳ ቆሙ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተነሣ፤ ከአጥር ውጭ ባጃጆቹ ጡሩምባ ነፉ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ወዲያው ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳዊት አስጠሩኝ።

"ማን ነው የጻፈው?" አሉኝ፤ ተቀመጪ እንኳ አላሉኝም።

"ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"ያነበበውንማ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። የጻፈችውን ነው የምጠይቅሽ።"

"በእኛ ደንብ የሚጠየቀው ያነበበ ነው፤ ይጠይቁኝ።"

"የሴት ልጅ ገመና በሆርን ይነገራል እንዴ? አታፍሪም? ውጭ ድረስ እኮ ሰው ይሰማል!"

"እኛም የቸገረን የሚሰማን ሰው ነበር፣ ጋሼ" አልኳቸው። አፌ ነው፤ ያመልጠኛል። ግን አላፈርኩበትም።

በዚያው ሰዓት የስቱዲዮው በር አዲስ ቁልፍ ተገጠመለት። ለመዝጋት ሲሆን ቁልፍ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ወላጅ ይዤ እስክመጣ፣ የጻፈችውን ልጅ ስም እስክሰጥና የይቅርታ ደብዳቤ እስክፈርም ከግቢው ታግጃለሁ። እማዬ ትመጣለች ስላቸው ፋይሌን አወጡ። አባቴ ከሞተ በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ያስመዘገቡኝ እርስዎ ነዎት፤ "ወላጅ ወይም አሳዳጊ" በሚለው ላይ ያለው የእርስዎ ስምና ፊርማ ነው። "እሳቸው ይምጡ" አሉ። ባሕር ላይ ናቸው አልኳቸው። "እንግዲያው ባሕሩ እስኪያልቅ ቤትሽ ተቀመጪ" አሉኝ።

ተቀምጫለሁ። ስሟን ግን አልሰጥም።

ልጅዎ
ሜሮን

*

ሲንጋፖር
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሮን፣

እግዚአብሔር ልብ ይስጥሽ። የዘገየሁት የመርከቡ ኢንተርኔት ተበላሽቶ ነው። ሲጠገን ሁለት ደብዳቤ አብሮ ገባ፤ አንዱ ያንቺ፣ ሌላው የአቶ ዳዊት። አድራሻዬን ከፋይልሽ ላይ አግኝተው ነው።

የእሳቸውን መጀመሪያ አነበብኩ። በጨዋ ደንብ የተጻፈ ነው። ጎበዝ ተማሪ መሆንሽን ይመሰክራሉ፣ ዓመቱ እንዳያልፍሽ ይሰጋሉ። የሚፈልጉት የልጅቷን ስም ብቻ ነው። ለብቻዋ መክረው እንደሚተዉአት፣ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም እንደማያውቅ ቃል ገብተውልኛል።

ስለዚህ ስሟን ለእኔ ጻፊልኝ። ለእኔ ብቻ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ይቅርታውንም ፈርሚ፤ ፊርማ እጅ አይቆርጥም። መጸዳጃ ቤቱ ዛሬ ባይከፈት ነገ ይከፈታል፤ አንቺ ግን የዘንድሮው ፈተና ካመለጠሽ ምን ልትሆኚ ነው? እናትሽ ትናንት በስልክ አለቀሰች። የአባትሽን ቦታ ይዤ የፈረምኩት በር ላይ ቆመሽ እንድትቀሪ አይደለም።

ይህ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

በላይነህ

*

ሀዋሳ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ በላይነህ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎት። በዓሉን ከሚወዱት ሰው ጋር ባያሳልፉም በሰላም ያሳልፉ። እማዬ ዶሮውን ገዝታለች። ከእኔ ጋር ግን አናወራም፤ "ሽንኩርቱን አቀብይኝ" ከማለት በቀር።

ስሟን አልጽፍልዎትም። ለእርስዎም ቢሆን።

ልጅቷ ራሷ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። "እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ግቢ" አለችኝ እያለቀሰች። አባቷን አውቃቸዋለሁ። ልጃቸው በወር አበባ ጉዳይ ስሟ ቢሮ ውስጥ ተነሣ የሚል ወሬ ቢሰሙ በማግስቱ ከትምህርት ያስወጧታል፤ ታላቅ እህቷን ከዚህ ባነሰ ምክንያት አስወጥተዋታል። እኔ የሚያልፈኝ አንድ ዓመት ነው። እሷ የምታጣው ሁሉንም ነው። ስለዚህ "አንቺ ምንም አልጻፍሽም፣ ሂጂና አጥኚ" ብዬ መለስኳት።

አቶ ዳዊት ምስጢር እጠብቃለሁ ያሉትን አላምንም። የእኔን ጉዳይ ባሕር ማዶ ድረስ ጽፈው የላኩ ሰው የእሷን ከቢሮአቸው እስከ በሩ ይዘው አይደርሱም።

ኩማ ሊረዳኝ ብሎ ምን እንዳመጣ ልንገርዎት፣ ይስቃሉ። በር ላይ ከሚቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች አንዱ አብዱልሃሚድ ይባላሉ። ወላጁን ለማምጣት የፈራ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው እሳቸውን ነው። ሸሚዛቸውን ይቀይራሉ፣ ኮት ይደርባሉ፣ ቢሮ ገብተው "ይህ ልጅ አስቸገረኝ እኮ!" ብለው ከመምህሩ በላይ ይቆጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይወጣሉ። ዓምና ለኩማ አባት፣ ለያቤጽ አጎት ነበሩ። ለእኔም "ጋሽ በላይነህ እሆንልሻለሁ፣ ስለ መርከብ ትንሽ አስጠኚኝ" አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ግን እንቢ አልኩ። እውነት ተናግሬ የወጣሁበትን በር በውሸት አባት አልገባበትም።

ትእዛዝዎን አልፈጸምኩም። ሲያሳድጉኝ እንዲህ እንድሆን አላሰቡም ይሆናል፤ ሆኛለሁ። ቢቆጡኝም ሰላምታዬን አይመልሱብኝ።

ሜሮን

*

ሀዋሳ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ በላይነህ፣

ገናውም ጥምቀቱም አለፈ፣ ከእርስዎ ግን ቃል የለም። እየተቀየሙኝም ቢሆን እግዚአብሔር በጤና ያቆይዎት። መልስዎን ሳልጠብቅ የምጽፈው ይህን ሌላ ሰው ሳያበላሽብኝ እኔ ልነግርዎት ስለፈለግሁ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ሰኞ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ያንኑ ጽሑፍ ይዘው በየክፍሉ ገቡ፤ መብራት ሲጠፋ እንደምናደርገው። ኩማ አነበበ፣ ያቤጽ በሲዳምኛ አነበበ፣ ሐዳሳ አነበበች፣ ክበባችን ውስጥ የሌሉ ልጆችም ተቀብለው አነበቡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እኔማ ቤት ሆኜ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። አቶ ዳዊት በቁጣ ያነበበውን ሁሉ "ወላጅ! ሐሙስ ጠዋት ወላጅ!" አሉት። ለእማዬም ደወሉላት፤ አሳዳጊው ከሌለ እሷም ቀርባ ይቅርታ ትጠይቅ ብለው።

እማዬ ሌሊቱን የይቅርታ ንግግር ስታጠና አደረች። ነጠላዋን ተኩሳ ለበሰች። ባጃጅ ውስጥ "አንቺ አፍሽን አትከፍቺም፣ የምናገረው እኔ ነኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ስንደርስ ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ከቱላ ድረስ ገበያቸውን ትተው የመጡ ነበሩ። አግዳሚው ስላልበቃ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አቶ ዳዊት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቆየን። በጣም ቆየን። እማዬ ስኳር እንዳለባት ያውቃሉ፤ ውኃ ትጠጣለች፣ ከዚያ መቀመጥ አትችልም።

"ሽንት ቤቱ በየት ነው?" አለችኝ በጆሮዬ።

አፍሽን አትክፈቺ ስላለችኝ በጣቴ አሮጌውን አሳየኋት። ሄደች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ተመለሰች፤ ሳትጠቀም። "ሌላ የለም?" አለች። አዲሱን አሳየኋት። በቁልፍ ተዘግቷል። በሩ አጠገብ ጥበቃው ጋሽ ሙሐመድ ቆመዋል።

"ይክፈቱልኝ ወንድሜ።"

"አልችልም እናቴ፣ ለእንግዳ ነው የተባለው።"

"እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?"

ጋሽ ሙሐመድ አሰቡ፣ አሰቡና "እርስዎማ ወላጅ ነዎት" አሏት።

ጋሼ፣ እማዬን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ዞረች፤ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሄደች፤ ሳታንኳኳ በሩን ከፈተችው። ከኋላዋ እናቶቹ ተነሡ፤ እነሱም ከጠዋት ጀምሮ ያው ችግር ነበረባቸው።

"አቶ ዳዊት፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር የመጣሁት። መጀመሪያ ቁልፉን ይስጡኝ።"

"ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ስብሰባ ላይ ነን እኮ!"

"ስብሰባው ይቆይልዎታል። እኔ መቆየት አልችልም።"

መምህርት ሙሉጌጥ ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ፊታቸውን በፋይል ሸፍነው ሳቁ። አቶ ዳዊት ወደ በሩ ሲያዩ ኮሪደሩ እናቶች ብቻ ነው። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ከኪሳቸው!

ሲከፈት ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ነጭ ሴራሚክ፣ ትልቅ መስታወት፣ የእጅ መታጠቢያ። ቧንቧዎቹ ላይ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተነሣም። እማዬ ላስቲኩን ልጣ ስትከፍተው ውኃው ጆሮ እስኪሞላ ፈሰሰ። የሐዳሳ እናት በሲዳምኛ የሆነ ነገር ብለው ሳቁ፤ ሐዳሳ ስትተረጉምልኝ "እንደኔ ሠርግ ሣህኖች ነው፣ ማንም አልበላባቸውም" ማለታቸው ነበር።

አቶ ዳዊት በሩ ላይ ቆመው ላብ በላብ ሆነዋል። "ልጆቹ ያበላሹታል ብዬ ነው" አሉ። "ያሠሩልን ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፣ ከክልልም ይመጣሉ። ንጹሕ ሆኖ እንዲያዩት ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።" አመንኳቸው፤ እውነታቸውን ነው። የባሰ የተናደድኩትም ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ጠልተውን ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ለካ ግቢው ውስጥ መኖራችንን ረስተውት ነው።

እማዬ ወጥታ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች "እኔም ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብዬ የቆለፍኩት ብርጭቆ አለኝ፣ አቶ ዳዊት" አለቻቸው። "ልጄን ግን ውኃ ከልክያት አላውቅም።" ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ "ሜሮን፣ ነይ እንሂድ" አለችኝ። ይቅርታውን አልጠየቀችም። ባጃጅ ውስጥ ሌሊቱን ያጠናችውን ንግግር ለእኔ አሰማችኝ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ከገና በፊት ጀምሮ ያላወራነውን በአንድ መንገድ አወራን።

መጸዳጃ ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት ነው። ሴቶቹ ተራ አውጥተው ያጸዱታል። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ማስጠንቀቂያ ፈርመው ልጆቻቸው ገብተዋል።

የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሚኒ ሚዲያውም እንደተቆለፈ ነው። አቶ ዳዊት በመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ በእናቶች ፊት ስለተሸነፉ በራዲዮው ላለመሸነፍ ቆርጠዋል። ለእርስዎ ወረቀት ልከዋል፤ ግልባጩን አይቼዋለሁ። ሜሮን ጥፋቷን አምና ይቅርታ ትጠይቃለች ይላል። የቅሬታ ደቂቃ ይቀራል ይላል። ከእንግዲህ ማንኛውም ጽሑፍ በማይክ ከመነበቡ በፊት የእሳቸው ማኅተም ያርፍበታል ይላል። ከታች የአሳዳጊ ፊርማ። እርስዎ ከፈረሙ በማግስቱ ክፍል እገባለሁ። ካልፈረሙ ውጭ እንደሆንኩ የፈተና ምዝገባው ሊያልፈኝ ይችላል።

ክፍል መግባት እፈልጋለሁ፣ ጋሼ። ባዮሎጂን ብቻዬን ማንበብ ሰልችቶኛል። ጓደኞቼን በአጥር ቀዳዳ ማየት ያስለቅሰኛል፤ አልቅሻለሁም። ቢሆንም እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ አይፈርሙ።

ልጅዎ
ሜሮን

*

ጂቡቲ ወደብ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሜሮን፣

እናትሽን ጤና፣ አንቺን ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ዝምታዬ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ የምጽፈው ጠፋኝ።

ባለፈው ሳምንት የማሽን ክፍሉ የእሳት ደወል ጮኸ። ካፒቴኑ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በሸሚዝ ብቻ ሮጦ መጣ። "ማን ነው ደወሉን የተጫነው?" አላለም። "የት ነው?" ነው ያለው። ሽቦው የተቃጠለበትን ቦታ አግኝተን አጠፋነው፤ ማን እንደተጫነው እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። እኔ ደወሉን እየጠገንኩ ያንቺን ደብዳቤዎች አስታወስኩ። ማታ ተቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ "መጸዳጃ ቤቱ ለምን ተቆለፈ?" ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አጣሁ። ከአቶ ዳዊት ጋር ሆኜ እኔም ስም ስፈልግ ነበር። አፈርኩ፤ ተናደድኩም።

"እርስዎማ ወላጅ ነዎት" የሚለውን የጥበቃውን መልስ ግን ጮክ ብዬ ስቄበታለሁ። ከበቡሽን በስልክ ደግማ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ።

የአቶ ዳዊት ወረቀት ደርሶኛል። አልፈረምኩም። በጨዋ ደንብ መልሼላቸዋለሁ፤ አሳዳጊው ይምጣ ብለዋልና ይመጣል፣ እስኪመጣ ግን ልጄን ምንም ነገር እንዳያስፈርሟት ብዬ። የሥራ ውሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ካፒቴኑን ጠይቄ እዚህ ወርጃለሁ። ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ እሑድ ሀዋሳ ነኝ።

የልጅቷን ስም አትንገሪኝ። ብጠይቅሽም አትንገሪኝ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አብረን እንቆማለን። እኔ ለመፈረም አልመጣሁም፤ አንቺም ለመለመን አትመጪም። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።

አሳዳጊሽ
በላይነህ